ሀርጌሳ ይዤሽ ልሂድ

ለሽርሽር የሚሄድ ሰው አያለቅስም። ሂቦ ግን ወጃሌ ላይ የተዘረጋውን የድንበር ገመድ ተሻግራ የሶማሌላንድን መሬት እንደረገጠች የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ደሬሳ ፓስፖርቱን ኪሱ እየከተተ ዞር ሲል አያት።

"ምን ሆነሻል?"

"አቧራ ነው፤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።"

ሚያዝያ ነው፤ ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሯል። ወጃሌ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ሆናለች፤ አቧራ ቢፈልጉትም አይገኝም። ደሬሳ ግን አቧራ ነው ከተባለ አቧራ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነውና መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዚያን ቀን ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ጠባዩ ነው። የተባለውን ያምናል፣ ያልተባለውን አይጠይቅም።

ደሬሳን ለማታውቁት፣ የአርሲ ልጅ ነው። ሰላቱን የማያሳልፍ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የውኃ ቁፋሮ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ። ድንጋይ ይወዳል። ሰው አበባ ሲያይ እንደሚቆመው እሱ መንገድ ዳር ድንጋይ ሲያይ ይቆማል። ሂቦን ያገኛት ለራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ ፋርማሲዋ ገብቶ ነው። ከዚያ በኋላ ሆዱን አመመው፤ ከዚያ ጉሮሮውን፤ ከዚያ ጆሮውን። የሚያመው ነገር ሲያልቅበት ዝም ብሎ መጥቶ መደገፊያው ላይ ክንዱን አስደግፎ መቆም ጀመረ። ሂቦም "ዛሬ ምን አመመህ?" ማለቱን ተወችው።

የሂቦ አባት ዐብዲጀባር በጅጅጋ የከብት ገበያ ቃላቸው የሚከበር ነጋዴ ናቸው። ደሬሳ ልጃቸውን እንዲጠይቁለት አለቃውን አቶ አምሀን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላከ። ዐብዲጀባር ሽማግሌዎቹን ምንጣፍ ላይ አስቀመጡ፣ ሥጋና ሩዝ አቀረቡ፣ የግመል ወተት ያለበት ሻይ አጠጡ፣ እስከ በሩ ድረስ ሸኙ። ሲሰነባበቱም "እናንተ ወንድሞቻችን ናችሁ፤ ከዘመድ ጋር እንመካከራለን" አሉ። አቶ አምሀ ሆዱ ሞልቶ፣ ፊቱ በርቶ ተመለሰና "በለው፣ ነገሩ አልቋል ማለት ይቻላል" አለው። ደሬሳም አልቋል ከተባለ አልቋል ብሎ መጠበቅ ያዘ።

ነገሩስ አልቆ ነበር፤ ግን በሌላ በኩል። በዚያ ቤት ወግ እንግዳ ጠግቦ ይሸኛል እንጂ ፊት ለፊት እምቢ አይባልም። ለጥያቄው ቀጠሮ ካልተሰጠ መልሱ ያው ነው። ታላቅ ወንድሟ ሮብሌ የዚያኑ ዕለት ማታ ለሂቦ ነገራት፦ "ጎሳውን የማናውቀውን ሰው ቤታችን አናስገባም።" ሂቦ አልተከራከረችም። ደሬሳም ገብቶታል ብላ አሰበች፤ እዚህ አገር ይሄ የማይገባው ሰው አለ ብላ እንዴት ታስብ።

እንግዲህ እምቢ በተባለ በሁለተኛው ሳምንት ነው ደሬሳ ፋርማሲው ድረስ መጥቶ ያንን ነገር የተናገረው።

"አርብ ፈቃድ ወስጃለሁ። ሀርጌሳ ይዤሽ ልሂድ?"

ሂቦ የያዘችውን ብልቃጥ አስቀመጠች። ለካስ ሰውዬው ልብ አለው።

ጅጅጋ ውስጥ አባቷ ለከለከላት ልጅ አንድ መውጫ አለ። መሳፎ ይሉታል። ልጅቷ ከምትወደው ሰው ጋር ከአባቷ ቤት ሩቅ አገር ትሄዳለች፤ እዚያ ያለ ሸኽ በአባቷ ቦታ ቆሞ የጋብቻ ውሏን፣ ኒካሁን፣ ያስርላታል። ወጃሌ አይበቃም፤ ሀርጌሳ ይበቃል። ስለዚህ አባት ከከለከለ በኋላ አንድ ወንድ ለአንዲት ልጅ "ሀርጌሳ ይዤሽ ልሂድ" ሲላት ከጅጅጋ እስከ አውበሬ ያለ ሰው ሁሉ ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። የማያውቀው ደሬሳ ብቻ ነበር። እሱ የሚያስበው ላስ ጌል ስለሚባለው ቦታ ነው፤ ከሀርጌሳ ወጣ ብሎ ዋሻ ውስጥ የጥንት ሰዎች ላም የሣሉበት ድንጋይ አለ። እንዲያውም "የድንጋዩን ሥዕል አሳይሻለሁ" ብሎ ጨምሮላታል። መድኃኒት የሚጠብቁ ሴቶች ቆመው ይሰሙ ስለነበር ሂቦ ለሽፋን ያላት መሰላት። በልቧ አደነቀችው።

"እሺ" አለችው።

አሁን ደግሞ ማርክ ቱ በሚሏት የኪራይ መኪና ከወጃሌ ወደ ሀርጌሳ እየሄዱ ነው። ወንዶቹ ከሾፌሩ ጎን፣ ሴቶቹ ከኋላ። ደሬሳ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ በኋላው መስኮት ወደ መጡበት ታያለች። ድንበሩ ላይ ማህተም የሚመታው ሰው በሶማሊኛ የሆነ ነገር ጠይቋት ነበር። እሷ ስትመልስለት ሰውዬው ደሬሳን ከእግር እስከ ራሱ አይቶት ነው ማህተሙን የመታው።

"ምን አለሽ ያ ሰውዬ?"

"ምኔ እንደሆንክ ጠየቀኝ።"

"ምን አልሽው?"

"እውነቱን" አለች ሂቦ፤ አቀረቀረች።

ሾፌሩ ሺሬ መልሷን ቆሞ ሰምቷል። ማህተሙ እንደተመታ የደሬሳን እጅ ጨብጦ "መብሩክ" ብሎ ደስታውን ገልጾለት ነበር። ደሬሳ ፓስፖርት ማስመታት እዚህ አገር እንዲህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው እንዴ እያለ ነው መኪናው ውስጥ የገባው።

ካላበይድ የምትባለው ከተማ ሳይደርሱ ጭቃው ዋጣቸው። ወንዶቹ ሁሉ ሊገፉ ወረዱ። ደሬሳም ሱሪውን ሰብስቦ ትከሻውን ሊያስጠጋ ሲል ሺሬ ደረቱ ላይ እጁን አኑሮ መለሰው።

"አንተ አይገፋም" አለው በተሰባበረ አማርኛ። "አንተ ዛሬ ቁም።"

"ለምን? ጉልበት አለኝ እኮ።"

"ጉልበት ይቅር፤ ለማታ" አለ ሺሬ፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሂቦ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ደሬሳ ሳቁ ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ እንግዳ ስለሆንኩ አክብረውኝ ነው ብሎ ዳር ቆመ። ዳር ቆሞ እስኪገፋ መጠበቅ ግን አልወደደም፤ ቀኑ ከእጁ እያመለጠ ነበር።

ሀርጌሳ ሲገቡ የጁምዓ አዛን ይሰማል። ሰግደው ሲወጡ ደሬሳ ለላስ ጌል ፈቃድ የሚሰጠውን ቢሮ አፈላልጎ ደረሰ። በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ዘበኛው ጥላ ሥር ተጋድሞ የሆነ ነገር እያለ በጣቱ ወደ ሰማይ አመለከተ።

"ምን ይላል?"

"አርብ ነው ይላል። አርብ ቢሮ አይከፈትም።"

ደሬሳ ግንባሩን መታ። ጅጅጋ አርብ ሥራ ነው፤ እረፍቱ ቅዳሜና እሑድ ነው። እዚህ ግን አርብ ዝግ መሆኑን እሱ ራሱ አርብ እየሰገደ ሳያስበው ቀርቷል። ያለ ፈቃድ ልሂድ ቢል የሚወስደው ሾፌር አጣ፤ ኬላው ላይ ወታደር ይመልሳል አሉት። ሌላ መንገድ ጠየቀ፣ ሌላ ሰው ጠየቀ። ላብ በላብ ሆነ።

ሂቦ ግራ ገባት። ሰው በሰርጉ ቀን እንዴት እንዲህ ለድንጋይ ይጨነቃል? ቆይታ ግን ለራሷ መልስ ሰጠች፦ ፈርቶ ነው፤ ወንዶች ሲፈሩ ሌላ ነገር ይይዛሉ። አዘነችለት። "ተወው ደሬሳ" አለችው በለሰለሰ ድምፅ፤ "ሥዕሉ የትም አይሄድም። ሌላ ጊዜ አብረን እናየዋለን።"

እሱም "አብረን" ስትል ሰማና ንዴቱ በረደለት። ከተማ መሐል ከፍ ብሎ የቆመው የጦር አውሮፕላን ሐውልት ሥር ሄዱ። ሂቦ የደሬሳን ካሜራ ለአንድ መንገደኛ ሰጥታ ከጎኑ ቆመች። ደሬሳ ካወቃት ጀምሮ ፎቶ ሊያነሳት ሲል ፊቷን የምታዞር ልጅ ዛሬ ቀጥ ብላ ካሜራውን አየችው። ደስ አለው፤ ደስታው ውስጥ ግን አንድ የማይገባው ነገር ነበር። ለአንድ ቀን መንገድ ይዛው የመጣችው ያ ትልቅ ሻንጣስ? ሲጠይቃት "የሴት ዕቃ አይጠየቅም" ብላዋለች። ምንድን ነው ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እኔ ብቻ የማላውቀው? አለ በልቡ። ሳይጠይቅ ግን ቀረ።

የሂቦ አክስት ዋርዳ፣ የእናቷ ታናሽ እህት፣ ሀርጌሳ ገበያ ልብስ ነጋዴ ናት። አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ሳቋ ግን ቋንቋ አያስፈልገውም። ሂቦ ቀድማ ደውላላት ነበርና ግቢዋ ሲደርሱ በግ ታርዷል፣ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፣ ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል። ሴቶቹ ደሬሳን ሲያዩ እልል አሉ። ደሬሳ የሶማሌ እንግዳ ተቀባይነት ሲወራ ሰምቷል፤ ይህን ያህል ግን አልጠበቀም። የቀረበለትን በላ፣ ጨምር ሲሉት ጨመረ። ሂቦን ሴቶቹ ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ፤ ሰዓቱ ነጎደ፤ እሷ ግን አልወጣችም።

ጥላው እየረዘመ ሄደ። ድንበሩ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ደሬሳ መቀመጥ ሲያቅተው ተነሳና ግቢው ውስጥ መንጎራደድ ያዘ። ይህን ጊዜ ሂቦ ከቤት ወጣች።

የለበሰችው ዲራዕ የሚሉትን ስስ ወርቅማ ቀሚስ ነው። እጇ እስከ ክርኗ ሂና ተሠርቶበታል። ዓይኗ ተኩሏል። ደሬሳ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም፤ እንዲህ ሆና ልትታይ እንደምትችል እንኳ አስቦ አያውቅም።

"እንዴት ታምሪያለሽ" አላት፤ ቀጥሎም ያችን የማትረሳ ሞኝ ቃል ተናገረ። "ግን እንነሳ እንጂ ሂቦ፤ ድንበሩ ሊዘጋ ነው።"

"ወዴት ነው የምንነሳው?"

"ጅጅጋ ነዋ።"

ሂቦ ሳቀች። "ቀልደኛ ሆንክ ዛሬ። ሸኹ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ነው የሚመጡት።"

"የምን ሸኽ?"

"ኒካሁን የሚያስሩት።"

"የማንን ኒካህ?"

ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ትንሽ ቆማ አየችው፤ እየቀለደ እንዳልሆነ ሲገባት አጠገቧ ያለውን የዛፍ ግንድ ያዘች።

"ደሬሳ፣ ሀርጌሳ ይዤሽ ልሂድ አላልከኝም?"

"ብያለሁ። ሥዕል ላሳይሽ።"

"አባቴ እምቢ ብሎ እያለ?"

"አባትሽ መቼ እምቢ አሉ? እንመካከራለን ነው ያሉት።"

"ቀጠሮ ሰጧችሁ?"

"አልሰጡም።"

"ቀጠሮ ካልሰጡ እምቢ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄን ሳታውቅ ነው የኖርከው? አባቴ ከከለከለኝ በኋላ ሀርጌሳ ይዤሽ ልሂድ አልከኝ። እዚህ አገር እንዲህ የተባለች ሴት ለምን እንደምትሄድ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ልታገባ ነው የምትሄደው። ቤቴን ትቼ ነው የመጣሁት፤ የእናቴን ፎቶ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ።"

ቀኑ ሙሉ ደሬሳ ላይ ወረደ። መብሩኩ፣ የሴቶቹ ሳቅ፣ በጉ፣ እልልታው። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ያኔ ዝም ቢል ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ከአፉ አንዲት ቃል ወጣች።

"ይሄማ ጠለፋ ነው።"

"ምን አልክ?"

"አባቷ ያልፈቀዱላትን ልጅ ይዞ መሄድ ጠለፋ ነው። እኔ እንዲህ አላደርግም ሂቦ። አልችልም።" መሬት መሬት እያየ ነው የሚናገረው። "ታላቅ እህቴን ከወንዝ ስትመለስ ነው የወሰዷት። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ጠዋት ማታ መንገዱን ሲያይ አይቻለሁ። ያኔ ማልኩ። የማገባት ሴት ከአባቷ ደጅ ተመርቃ ካልወጣች አልወስዳትም ብዬ ማልኩ።"

ይህን ነግሯት አያውቅም። ሂቦ ስለ እህቱ አዘነች፣ በእሱ ተናደደች፣ በራሷ አፈረች፤ ሦስቱም አንድ ላይ መጡባት። የቱን ቀድማ እንደምትናገር አላወቀችም።

"እኔን ማን ጠለፈኝ?" አለችው በመጨረሻ። "ያንን ገመድ በራሴ እግር ነው የተሻገርኩት። እህትህን ሲወስዷት ማን ጠየቃት?"

"ማንም።"

"እኔንስ? አቶ አምሀን ወደ አባቴ ላክህ። አባቴ ወንድሜን አማከረ፣ ወንድሜ አጎቶቼን አማከረ። ከብት ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስለኔ ተጠየቀ። አንተ ግን ታገቢኛለሽ ወይ ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ደሬሳ አሰበ። እውነቷን ነው።

"የምታውቂው መስሎኝ" አላት።

"አየህ? እኔም የምታውቀው መስሎኝ ነው ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት።"

ተፋጠው ቆሙ። ሁለቱም ተበድለዋል፣ ሁለቱም ደግሞ በድለዋል፤ ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ዋርዳ ስልኳን እንደያዘች ከቤት ወጥታ ለሂቦ በሶማሊኛ ነገረቻት። ሂቦ ሰምታ ዓይኗን ጨፈነች።

"ምንድን ነው?"

"ሮብሌ ነው የደወለው። ከወጃሌ ወሬው ደርሶታል። ሚስት ሆና ከሆነ የምትመለሰው ትምጣ፤ ካልሆነ ግን ደጃችንን እንዳትረግጥ ነው የሚለው።"

"አባትሽስ?"

"ሮብሌ ስልኩን ሲሰጠው አባቴ አልተቀበለውም" አለች፤ ይህን ስትል ነው እንባዋ የመጣው።

ሸኹ ሲመጡ መሽቶ መብራት በርቷል። ሸምገል ያሉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ከሶማሊኛና ከዓረብኛ ሌላ የማያውቁ ሰው ናቸው። ጎረቤቱ ጃማና ወንድሙ ለምስክርነት ከጎናቸው ተቀመጡ። ዋርዳ ከሂቦ ጎን ተጠግታ ተቀመጠች። ደሬሳ፣ እሺም እምቢም ሳይል፣ ከምንጣፉ ማዶ ብቻውን ነው። በቤቱ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ ሰው ሂቦ ብቻ ስለሆነች የራሷን ኒካህ ራሷ ልታስተረጉም ግድ ሆነ።

ሸኹ አስቀድመው የአባቷን አገር ጠየቁ፤ ጅጅጋ ስትል ርቀቱ በቂ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቷ ተጠይቀው እንደሆነ ጠየቁ፤ ተጠይቀው መከልከላቸውን ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ደሬሳ ዞሩ።

"ይህችን ልጅ ከአባቷ ቤት ይዘሃት የመጣኸው ለምንድን ነው? ይሉሃል" አለች ሂቦ። ድምፏ የባንክ ቤት ሠራተኛ ድምፅ ነበር።

ደሬሳ አያት። እሷ ምንጣፉን ታያለች።

"ጠዋት ስነሳ ያሰብኩት የድንጋይ ሥዕል ላሳያት ነው በያቸው።"

"ይሄን ልንገራቸው?"

"ሸኽ ፊት ልዋሽ አልችልም ሂቦ። ለትዳርም ብዬ አልዋሽም።"

እዚህ ላይ ሂቦ የፈለገችውን ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ላገባት ነው ይላል ብትል ሸኹ መጽሐፋቸውን ይገልጣሉ፣ ጃማ ይመሰክራል፣ ዋርዳ እልል ትላለች፤ ደሬሳም የተባለውን አምኖ እጁን ይዘረጋ ይሆናል። ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ዋጠችው። ደሬሳ ያለውን ቃል በቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። የድንጋይ ሥዕል ሊያሳየኝ ነው ያመጣኝ ይላል።

ዋርዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጃማ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጣሪያውን አየ። ሸኹ በለዘበ ድምፅ ሂቦን አንድ ነገር ጠየቋት። መለሰችላቸው። ከዚያ ቀና ብላ ደሬሳን አየችው፤ ከገቡ ጀምሮ ያየችው አሁን ነው።

"አንቺስ ለምን መጣሽ? አሉኝ። ላገባው አልኳቸው። አሁን አንተም ሰምተሃል።"

ደሬሳ ከዚህ ቀደም ጉድጓድ ሲቆፈር ብዙ ቀን ደረቅ ድንጋይ ብቻ ወጥቶ ድንገት ውኃው ሲፈነዳ አይቷል። ያን ጊዜ የሚሰማው ድንጋጤና ደስታ አሁን ደረቱ ውስጥ ነበር። ይህች ሴት በገዛ አንደበቷ እሱን ሳትዋሽ፣ ራሷን ሳትሸፍን፣ በሰው ፊት ተዋርዳ ተናገረች። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ሲያስከፍት ዋለ።

ሸኹ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ሂቦ እሳቸው ያሉትን በደረቁ ተረጎመችለት።

"አንድ መኪና ተሳፍረው ሁለት ቦታ የሄዱ ሰዎችን አላጋባም ይላሉ። ልጅቷ አክስቷ ጋ ትደር፣ ልጁን ጃማ ያሳድረው፤ ነገ እያንዳንዱ ወደ መጣበት ይሂድ ይላሉ።"

"እንዲቆዩ ንገሪልኝ።"

"አልነግርም። እስካሁን የተናገርኩት ይበቃኛል። ከፈለግክ ራስህ ንገራቸው።"

ደሬሳ ተነሳ። የሚያውቃት ሶማሊኛ የቁፋሮ ሠራተኞቹ የሚጯጯሁባት ናት። "ሸኽ" አለ፤ "ሱግ።" ይጠብቁ ማለቱ ነው። ለሽማግሌ የሚሆን አነጋገር አልነበረም፤ ሸኹ ግን በሩ ላይ ቆሙ።

እሱ ግን ወደ ሸኹ አልሄደም። ምንጣፉን ተሻግሮ ሂቦ ፊት ለፊት በርከክ አለ።

"ሂቦ፣ አዝኜልሽ እንዳይመስልሽ። ሮብሌን ፈርቼም አይደለም። ስለ መሐላዬ ሳስብ ቆይቻለሁ። ያኔ የማልኩት አባቴ በሩ ላይ መንገዱን ሲያይ አይቼ ነው። ስለ አባቴ ነው የማልኩት። እህቴ ምን ፈልጋ እንደነበረ እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም፤ ዛሬ ነው ትዝ ያለኝ። አንቺንም አልጠየቅኩሽም። ጠዋት ለሥዕል ነው የመጣሁት፤ ይሄን አልክድም። አሁን ግን እጠይቅሻለሁ። ታገቢኛለሽ? እምቢ ብትዪም ነገ እናንተ ደጅ ድረስ ወስጄሽ ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ። እሺ ብትዪም ያው እሄዳለሁ፤ እስኪቀበሉኝ እየተመላለስኩ በራቸው ላይ እቀመጣለሁ።"

ሂቦ ሂና የተሠራበትን እጇን አየች። ልቧ እሺ ይላል፣ ኩራቷ ቆይ ይላል፣ ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ አባቷ ያልተቀበሉት ስልክ አለ። ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። እንዲህ ባለ ቀን፣ እንዲህ ልቧ ተሰብሮ ትጠየቃለች ብላ ግን አላሰበችም፤ ደስ ይበላት ወይስ ይክፋት ማወቅ አቃታት።

"ምን ይላል?" አሉ ሸኹ ከበሩ።

"እየጠየቀ ነው" አለች በሶማሊኛ።

"ማንን ነው የሚጠይቀው?"

"እኔን።"

ሸኹ ደሬሳን አዩት፣ እሷን አዩአት። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተመልሰው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲያው መልሺለት" አሏት። "አንቺን ሳንሰማ አንሄድም።"

ሂቦ ሻርፗን ከራሷ ላይ አስተካከለችና "አገባሃለሁ" አለችው በአማርኛ፤ ከዚያም ወደ ሸኹ ዞራ ያንኑ በሶማሊኛ ደገመችላቸው። ነገ አባቷ ፊት ስትቆም የምትለውን ግን በሁለቱም ቋንቋ ፈለገችው፤ በአንዱም አላገኘችውም።